የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የጣሊያን ቅይጥ ነጭ ወይን

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ የጣሊያን ቤተሰቦች ከሁለትና ከሦስት የወይን ዝርያዎች ቀይጠው ስለሚያወጡት ነጭ ወይን ናቸው። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገናል።

ጥያቄ፦ «ከአንድ ዝርያ ብቻ የተሠራ ወይን ይበልጣል ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ እነዚህ ጠማቂዎች ሦስት ዓይነት ለምን ይቀላቅላሉ? ቅየጣ የደካማ ወይን መሸፈኛ አይደለም ወይ?»

መልስ፦ ርካሹን ከርካሽ ቀላቅሎ የሚሸጥ ነጋዴ የትም አይጠፋም። ስለ ሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን ከሆነ የምናወራው ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በፍሪዩሊ፣ በስሎቬኒያ ድንበር በተዘረጉት ኮረብታዎች ላይ፣ ብዙ ቤተሰቦች ከየዝርያው ምርጡን ጋን ለይተው የሚያስቀምጡት ለቅይጣቸው ነው።

እያንዳንዱ ዝርያ የየራሱ ጸጋና የየራሱ ጉድለት አለው። ፍሪዩላኖ ክብደት አለው፣ አፍ ይሞላል፣ ሲዋጥም ቀለል ያለ የአልሞንድ ምሬት ይተዋል፤ አሲዱ ግን ለዘብ ያለ ስለሆነ በሞቃት ዓመት ብቻውን ሲሆን ይዝላል። ፒኖ ቢያንኮ ሽታው ዝግ ያለ ነው፤ ሥራው ምላስ ላይ ነው፣ ወይኑን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። ሶቪኞን የመዓዛው ባለቤት ነው፦ ሳጅ፣ የቲማቲም ቅጠል፣ ነጭ ኮክ። ትንሽ ሲበዛ ግን ሌሎቹን ይውጣቸዋል። ሪቦላ ጃላ ጎምዛዛነትን፣ ማልቫዚያ ኢስትሪያና ደግሞ የአበባና የአፕሪኮት ሽታ ያመጣሉ።

ሊቪዮ ፌሉጋ እ.ኤ.አ. በ1956 የመሠረቱት የቤተሰብ ድርጅት «ቴሬ አልቴ» የተባለውን ቅይጥ የጀመረው በ1981 ምርት ነው። ሦስቱ ዝርያዎች ፍሪዩላኖ፣ ፒኖ ቢያንኮና ሶቪኞን ናቸው። ወይኑ የሚመጣበት የሮሳዞ አካባቢ በ2011 ከፍተኛውን የጣሊያን የምንጭ ማረጋገጫ፣ ዲ.ኦ.ሲ.ጂ.ን፣ ሲያገኝ ደንቡ የተጻፈው በቅይጥ ላይ ተመሥርቶ ነው፦ ፍሪዩላኖ ቢያንስ 50 በመቶ፣ ሶቪኞን ከ20 እስከ 30፣ ፒኖ ቢያንኮ ወይም ሻርዶኔ ከ20 እስከ 30፣ ከተፈለገም ሪቦላ ጃላ እስከ 10 በመቶ። ሶቪኞን ከ30 እንዳያልፍ መታጠሩን ልብ ይበሉ።

ከቬሮና በስተ ምሥራቅ ባለችው በሶአቬ ደግሞ ሁለቱንም መንገድ አንድ ቤት ውስጥ ያገኙታል። ከ1880 ጀምሮ የሚሠራው የፒየሮፓን ቤተሰብ «ካልቫሪኖ»ን የሚሠራው ከ70 በመቶ ጋርጋኔጋና ከ30 በመቶ ትሬቢያኖ ዲ ሶአቬ ነው፤ የመጀመሪያው ምርት የ1971 ነበር። ማሳው ከእሳተ ገሞራ የመጣ ጥቁር አፈር ነው፤ ወይኑም እንጨት ሳይነካው በሲሚንቶ ጋን ውስጥ ያድራል። «ላ ሮካ» የተባለው ሌላው ወይናቸው በኖራ ድንጋይና በሸክላ አፈር ላይ ከበቀለ ጋርጋኔጋ ብቻ ይሠራል፣ በርሜልም ይገባል። ያው ቤተሰብ፣ ያው እጅ፤ አንዱ ማሳ ቅይጥ ጠየቀ፣ ሌላው አልጠየቀም። ስለዚህ «ንጹሕ ዝርያ ይበልጣል» የሚለውን ምክር ለሁሉም ወይን አይጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ «ፍሬዎቹ የሚቀላቀሉት ሲለቀሙ ነው ወይስ ከተጠመቁ በኋላ? ሂደቱን በዝርዝር ብትነግሩን።»

መልስ፦ ሁለቱም ይደረጋል። አብሮ ተለቅሞ አብሮ የሚፈላው ወይን ገና ከጅምሩ የተዋሐደ ነው። ችግሩ ሁሉም ፍሬ በአንድ ቀን አለመብሰሉ ነው። በፍሪዩሊ ሶቪኞንና ፒኖ ቢያንኮ ቀድመው ይደርሳሉ፣ ፍሪዩላኖ ይከተላል፣ ሪቦላ መጨረሻ ላይ ነው። ጋርጋኔጋም ዘግይቶ የሚደርስ ዝርያ ነው፤ በአብዛኛው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ድረስ ይለቀማል። አንዱን ለመጠበቅ ሲባል ሌላው አሲዱን ይጥላል። ስለዚህ አብዛኛው ቤተሰብ ለየብቻ ይለቅማል፣ ለየብቻ ያፈላል፣ ኋላ ላይ ይቀይጣል።

ፍሬው ጠዋት በቀዝቃዛው ሰዓት ይለቀምና በአየር በሚነፋ መጭመቂያ ቀስ ተብሎ ይጨመቃል። ደንቡ በአብዛኞቹ አካባቢዎች ከ100 ኪሎ ፍሬ ከ70 ሊትር በላይ ወይን አይፈቅድም። ጥንቁቅ ጠማቂ ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚወጣውን ጭማቂ ለይቶ ያስቀምጠዋል፤ ከቆዳና ከፍሬ የሚመጣው ሻካራ ምሬት ያለው እዚያ ነው። ፍሪዩላኖ በኃይል ከተጨመቀ ቶሎ ይጠቁራል።

ጭማቂው ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይሰክናል። እዚህ ላይ በሁለቱም በኩል ስሕተት አለ። ጭማቂው ደፍርሶ ቢፈላ ከባድና የተበላሸ ሽታ ያመጣል። ከመጠን በላይ ከጠራም እርሾው የሚመገበው ያጣና መፍላቱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ጥቂት ስኳር የቀረበት፣ ለመበላሸት የተጋለጠ ወይን ይሆናል።

ከዚያ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይፈላል። ከ20 በላይ ሲወጣ መዓዛው ከጋዙ ጋር ይተናል። ከ12 በታች ሲወርድ ደግሞ እርሾው የሙዝና የከረሜላ ሽታ ይሠራል፤ ያ ሽታ የትኛውንም ዝርያ አንድ ያስመስላል። ሦስት ዝርያ ተለፍቶበት ሲያበቃ አንድ ከረሜላ መሽተቱ ከጥፋቶች ሁሉ የሚያሳዝነው ነው፤ ሱቅ ውስጥ ከሚያገኟቸው ቀላል ወይኖች በብዙዎቹ ላይ ይህ ይሰማል። ሶቪኞን ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከአየር ይጠበቃል፤ በለቀማ ዋዜማም የመዳብ መድኃኒት አይረጭበትም፤ መዳብ ልዩ መዓዛውን የሚሰጡትን የድኝ ውሕዶች ይዞ ያስቀራቸዋል።

ሲፈላ ካበቃ በኋላ ወይኑ ከደቃቁ አተላ ጋር ለወራት ይቀመጣል። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይማሰላል። የሞተው እርሾ እየሟሟ ወይኑን ያወፍረዋል፣ ከአየርም ይጠብቀዋል። አተላው ወፍራም ሆኖ ሳይማሰል ከቆየ ግን የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ይፈጠራል። ጋኖቹ የግድ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ቴሬ አልቴን ለመሥራት ፍሪዩላኖው በትንንሽ የፈረንሳይ በርሜሎች፣ ሁለቱ ዝርያዎች በብረት ጋን ማለፋቸው የታወቀ አሠራር ነው። እንጨቱ ክብደት ላለው ወይን ተሰጠ፣ መዓዛው ንጹሕ እንዲሆን የተፈለገው ከእንጨት ራቀ።

ቅየጣው የሚወሰነው በአብዛኛው በጸደይ ነው። ከየጋኑ ናሙና ይቀዳል፣ በ100 ሚሊ ሊትር መለኪያ የተለያየ መጠን ይሞከራል፣ ቤተሰቡ ቁጥሩን ሳያይ ይቀምሳል። ከተመረጠ በኋላ ወዲያው ጠርሙስ አይገባም። ለየብቻቸው የጠሩ ሁለት ወይኖች ሲገናኙ አሲዱና አልኮሉ ስለሚለወጥ ሊደፈርሱ ይችላሉ። ስለዚህ ቅይጡ እንደገና ይፈተናል፦ ናሙናው 80 ዲግሪ ላይ ለሁለት ሰዓት ሞቆ ሲቀዘቅዝ ከደፈረሰ ፕሮቲን አለበት ማለት ነው፣ ቤንቶናይት በተባለ ሸክላ ይጠራል። ይህን ፈተና ከቅየጣ በፊት ብቻ አድርጎ የሚያልፍ ጠማቂ ደመና ያዘለ ጠርሙስ ገበያ ላይ ያወጣል።

ጥያቄ፦ «ቅየጣ ምን እንደሚለውጥ በራሴ ምላስ ማወቅ እፈልጋለሁ። ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል?»

መልስ፦ ይቻላል፤ ከማንኛውም ንባብ የበለጠ ያስተምራል። ከፍሪዩሊ ሦስት ጠርሙስ ይግዙ፦ አንድ ፍሪዩላኖ፣ አንድ ፒኖ ቢያንኮ፣ አንድ ሶቪኞን። በርሜል ያልገቡ፣ የአንድ ዓመት ምርት ቢሆኑ ይመረጣል። ሦስቱም 12 ዲግሪ አካባቢ ይሁኑ። መርፌ የሌለው 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ያዘጋጁ።

በመጀመሪያው ብርጭቆ 60 ሚሊ ሊትር ፍሪዩላኖ፣ 20 ፒኖ ቢያንኮና 20 ሶቪኞን ይቀላቅሉ። በሁለተኛው ሶቪኞኑን 10፣ ፒኖውን 30 ያድርጉ። በሦስተኛው ደግሞ ፍሪዩላኖ 40፣ ሶቪኞን 40፣ ፒኖ 20። ብርጭቆዎቹን ከሥራቸው ምልክት አድርገው ሌላ ሰው ቦታቸውን ይቀያይርልዎት፣ ሃያ ደቂቃ ይረፉ፣ ከዚያ ይቅመሱ። ሦስተኛው መጀመሪያ ሲያሸቱት ያሸንፋል፤ ሦስት ጉንጭ ከጠጡ በኋላ ግን ብዙ ሰው ወደ መጀመሪያው ወይም ወደ ሁለተኛው ይመለሳል። ማሽተትና መጠጣት ሁለት የተለያዩ ዳኞች ናቸው። ሲዋጥ የሚቀረውን ርዝመት በሰከንድ ይቁጠሩ፤ ፒኖው ሲጨመር ርዝመቱ ሲለወጥ ይታወቅዎታል።

ከዚህ ያገኙት ቅይጥ አብሮ ወራት እንደቆየው አይሆንም፣ ጠርዙ ይሰማል። ዓላማው ግን የእያንዳንዱን ድርሻ መለየት ነው።

ጥያቄ፦ «ጠርሙሱ ላይ የቤተሰብ ስም አለ። ቤተሰቡ ራሱ እንዳመረተው በምን አውቃለሁ?»

መልስ፦ በስሙ አይታወቅም። ስም ይሸጣል፣ ድርሻም ይሸጣል። ለምሳሌ ዝነኛውን «ቪንቴጅ ቱኒና» ቅይጥ ከ1975 ጀምሮ የሚያወጣው የየርማን ቤት አብላጫ ድርሻው በ2021 አንቲኖሪ ወደተባለ ሌላ የወይን ድርጅት ተላልፏል፤ ስሙ ግን በጠርሙሱ ላይ እንዳለ ነው። ወይኑ ከፋ ማለት አይደለም፤ ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም ለማለት ነው።

የኋላውን ጽሑፍ ያንብቡ። «አዚየንዳ አግሪኮላ» የሚለው አጠራር በአውሮፓ ደንብ የተጠበቀ ነው፤ ፍሬው ሙሉ በሙሉ ከራሱ ከእርሻው ማሳ መጥቶ እዚያው ለተጠመቀ ወይን ብቻ ይጻፋል። «ኢምቦቲሊያቶ አሎሪጂኔ» በምርቱ ቦታ ታሸገ ማለት ነው፤ የገበሬዎች ኅብረት ሥራም ስለሚጠቀምበት ለብቻው ቤተሰብነትን አያረጋግጥም። «ካንቲና ሶቻሌ» ካለ ኅብረት ሥራ ነው፤ ጥሩ ኅብረት ሥራዎች አሉ፣ የጠየቁት ግን እሱን አይደለም። ቡሹ በተሸፈነበት ክዳን ላይ ቅርጫት ፍሬ የተሸከመ ሰው ምስል ካዩ በ2008 የተመሠረተው የነጻ ወይን ገበሬዎች ፌዴሬሽን አባል ነው። አባላቱ የራሳቸውን ወይን የሚያለሙ፣ የሚጠምቁና የሚያሽጉ ናቸው። ከሁሉም ምልክቶች እኛ የምንተማመንበት ይሄኛውን ነው።

የዝርያ ስሞችን በተመለከተ፣ አንድ ዝርያ ብቻ ከተጻፈ ቢያንስ 85 በመቶው እሱ መሆን አለበት። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከተጻፉ ደግሞ ወይኑ በሙሉ ከእነሱ ብቻ የተሠራ ነው። «ቢያንኮ» (ነጭ) ብቻ ካለ ቅይጥ ሊሆን ይችላል፤ ዝርዝሩን ከጠማቂው ድረ ገጽ ይፈልጉ። ከታኅሣሥ 8 ቀን 2023 (እ.ኤ.አ.) በኋላ የተመረቱት ደግሞ በጠርሙሱ ጽሑፍ ላይ ወይም በስልክ በሚነበብ ኮድ የተጨመሩትን ነገሮች ማሳየት አለባቸው፤ ኮዱ የፍሬ ዝርያዎችን ድርሻ ግን አይነግርዎትም።

ጥያቄ፦ «ከጠርሙሱ ሥር እንደ መስታወት ስብርባሪ የሚያብረቀርቅ ነገር አገኘሁ። ልጥለው?»

መልስ፦ አይጣሉት። በሁለት ጣት ይዘው ይጫኑት፤ እንደ ስኳር ከደቀቀ መስታወት አይደለም። ካልተማመኑ ጥቂቱን በፈላ ውሃ ውስጥ ያድርጉት፤ የወይን ጨው ከሆነ ይሟሟል። ፖታሲየም ባይታርትሬት ይባላል፣ ከፍሬው የተፈጥሮ አሲድ የሚመጣ ነው፤ ወይኑ ፍሪጅ ውስጥ ሲቀዘቅዝ መሟሟት ስለማይችል ይዘቅጣል። ጤናን አይጎዳም። ትልልቅ ፋብሪካዎች ወይኑን ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ አካባቢ ለብዙ ቀናት አቆይተው አስቀድመው ያወጡታል። አንዳንድ ቤተሰቦች ይህን ቅዝቃዜ ለወይናቸው አይወዱትም፣ ስለዚህ ጨው ይታያል። ጠርሙሱን ለሁለት ሰዓት አቁመው፣ ሳይነቀንቁ ቀስ ብለው ይቅዱ፤ የመጨረሻዋን ሁለት ጣት ያህል ይተዉት።

ጥያቄ፦ «ከአያቴ ዕቃዎች ውስጥ "ቶካይ" የሚል የፍሪዩሊ ጠርሙስ አለ፣ አዲሶቹ "ፍሪዩላኖ" ይላሉ። ዝርያው ተለወጠ?»

መልስ፦ ያው ዝርያ ነው። ሃንጋሪ በቶካይ ስም ስትከራከር የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2005 በጣሊያኖቹ ላይ ወሰነ፤ ከ2007 ምርት ጀምሮ ፍሪዩላኖ ተባለ።

ጥያቄ፦ «ውድ የተባለ ቅይጥ ገዝቼ በደንብ አቀዝቅዤ ብጠጣው ጎምዛዛ ውሃ ሆነብኝ። ምን አጠፋሁ?»

መልስ፦ ቅዝቃዜው ነው። ፍሪጅ 4 ወይም 5 ዲግሪ ነው፤ በዚያ ቅዝቃዜ መዓዛው አይነሣም፣ አሲዱና ምሬቱ ግን ጎልተው ይወጣሉ። ከብረት ጋን የወጣ ቀላል ሶአቬ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ይጠጣል። በርሜል ያየ ወይም አምስት ዓመት የቆየ ቅይጥ ከ12 እስከ 13 ይፈልጋል። ከፍሪጅ አውጥተው ግማሽ ሰዓት ያቁሙት። ያልቀዘቀዘ ከሆነ እኩል በረዶና ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ውሃ የሌለው በረዶ ጠርሙሱን በየነጥቡ ብቻ ስለሚነካው ያዘገያል። ማቀዝቀዣ በረዶ ቤት ውስጥ አስቀምጦ መርሳት ቡሹን ይገፋዋል ወይም ጠርሙሱን ይሰነጥቃል።

ብርጭቆውም ይቆጠራል። ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠበብ ያለ፣ እስከ ሲሶው ብቻ የተሞላ። ቅይጡን ለመረዳት የመጀመሪያውን ጉንጭ 10 ዲግሪ ላይ ይጠጡና ያንኑ ብርጭቆ ከሩብ ሰዓት በኋላ ይመለሱበት። መጀመሪያ ሶቪኞኑ ብቻ ይሰማል፤ ሲሞቅ የፍሪዩላኖው ክብደትና የአልሞንዱ ምሬት ይገባል።

ከምግብ ጋር ከሆነ በአካባቢው የሚበላውን ይከተሉ፦ የሳን ዳኒኤሌ ፕሮሹቶ (በጨው የደረቀ የአሳማ ሥጋ)፣ ከሞንታሲዮ አይብ የሚጠበሰው ፍሪኮ፣ ነጭ አስፓራገስ ከእንቁላል ጋር። ኮምጣጤ የበዛበት ሰላጣ ግን የትኛውንም ነጭ ወይን ያደነዝዘዋል።

ጥያቄ፦ «ስከፍተው የክብሪት ሽታ ነበረው። ተበላሽቷል? ከተከፈተስ ስንት ቀን ይቆያል?»

መልስ፦ የክብሪት ሽታ ብዙ ጊዜ አየር ከማጣት ወይም በቅርቡ ሲታሸግ ከተጨመረው ሰልፋይት ከተባለ ማቆያ ነው። ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጠው ሩብ ሰዓት ይተዉት፤ ከጠፋ ደህና ነው። ቀለሙ ወደ ቡና ካዘነበለና ሽታው የተቀጠቀጠ ፖም ከሆነ ግን አየር ገብቶበታል፣ መድኃኒት የለውም። የረጠበ ካርቶንና የሻጋታ ሽታ ከሆነ ችግሩ የቡሹ ነው፤ አየር ሲያገኝ ይብሳል እንጂ አይሻለውም፣ ለሻጩ ይመልሱት። ወይኑን አያፍስሱት፤ ሻጩ ማየት ይፈልጋል።

የተከፈተውን ከድነው ፍሪጅ ውስጥ ቢያቆሙት ሦስት ወይም አራት ቀን ይቆያል። ከግማሽ በታች ከቀረ ወደ ትንሽ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልተው ያስተላልፉት፤ የሚያበላሸው በላዩ የሚቀረው አየር ነው። ያልተከፈተውን ከ10 እስከ 14 ዲግሪ ባለ ጨለማ ቦታ፣ ቡሽ ካለው አጋድመው ያስቀምጡ። ቀላሉን በሁለትና በሦስት ዓመት ይጨርሱት፤ እንደ ካልቫሪኖና ቴሬ አልቴ ያሉት አሥር ዓመት ይችላሉ። ቀለም በሌለው ጠርሙስ ውስጥ ያለን ወይን ከሱቅ መስኮት ላይ አይግዙ፤ ብርሃን በጥቂት ቀናት ውስጥ የተቀቀለ ጎመን ሽታ ያመጣበታል።